ፊሽል ስልክ ዘጊው

ፊሽል ስልክ የሚዘጋ ሰው ነበር። በእኛ በአጥባቂ አይሁዶች ሠፈር፣ በብሩክሊን፣ ይህ የታወቀ ሙያ ነው። ሰው አዲስ ስልክ ገዝቶ ሣጥኑን ሳይከፍት ወደ ፊሽል ይመጣል፤ ፊሽል ኢንተርኔቱን ያወጣል፣ ካሜራውን ያጠፋል፣ የጽሑፍ መልእክቱን ይነቅላል፣ መጨረሻ ላይ ከጀርባው የኮሚቴውን ማኅተም ይለጥፋል። ማኅተም የሌለው ስልክ የያዘ አባት ልጁን የእኛ ትምህርት ቤት አያስገባም። እኔ ብራይንድል ደግሞ ከጎኑ ዊግ ቤት አለኝ፤ በሃይማኖታችን ፀጉራቸውን ለሚሸፍኑ ባለትዳር ሴቶች እሸጣለሁ፣ አጥባለሁ፣ አበጥራለሁ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ስንት ዓመት ሙሉ እሱ የእኔን ደንበኞች፣ እኔም የእሱን ስንሰማ ኖረናል።

ሌሎች ስልክ ዘጊዎችም ነበሩ። እነሱ የዘጉትን መልሰው የሚከፍቱበት ምስጢር ለራሳቸው ያስቀራሉ፤ ነጋዴው መጥቶ ሲለምን፣ ኪሱን ሲዳብስ፣ ይከፍቱለታል። ፊሽል እንዲህ አያውቅም። ማኅተሙን ለጥፎ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው እፍ ይልበታል፤ ከዚያ ለመጣው ሁሉ ያችኑ ቃል ይናገራል። "ቁልፉን ጥዬዋለሁ። ነገ ራሴ መጥቼ ልክፈትልህ ብልህ እንኳ እንዳታምነኝ፤ አልችልም።" ሰው በዚህ ይኮራበት ነበር። አልዋሽም፣ እኔም እኮራበት ነበር።

ሥራው ስልክ ብቻ አልነበረም። ዘንድሮ የሚሠራ ዕቃ ሁሉ ዓይንና ጆሮ አለው። ፍሪጁ ሰው ሲቀርበው መብራት ያበራል፤ ዓርብ ጀምበር ስትጠልቅ በሚገባው ሰንበታችን መብራት ማብራት ደግሞ ለእኛ ክልክል ነው፣ ስለዚህ ዓሣው ፍሪጁ ውስጥ ተቀምጦ እያለ ቤተሰቡ በሙሉ ከሩቅ ቆሞ ያየዋል። ልብስ ማጠቢያው ከኢንተርኔት ካላገናኛችሁኝ አላጥብም ብሎ ያኮርፋል። ባንኩ ለአንዲት ባል ለሞተባት ሴት "ማንነትሽን የምናረጋግጥበት ቁጥር በጽሑፍ ልከንልሻል" ይላታል፤ ጽሑፍ የሚቀበለውን ነገር ፊሽል ነቅሎታል። ሴትየዋ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጣ በስልክ ስትማጠን ሰምቻለሁ። "የኔ ልጅ፣ ቁጥሩን በአፍህ ንገረኝ። አፍ የለህም?" ትላለች። የሚያናግራት ማሽን ነበር። ፊሽል ዓርብ ዓርብ ጥቁር ፕላስተር ይዞ ቤት ለቤት እየዞረ የፍሪጁን ዓይን ይሸፍናል። "ዕቃ ገዛን ስንል ዕቃው ገዛን" እያለ ይስቃል።

ጠብ አይወድም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሰውዬውን ያጠፋው ይኸው ነው። ክፋት የለበትም፣ ሞኝም አይደለም። ብቻ ሁለት ሰው ሲጣላ ካየ ለሁለቱም እሺ ይላል። ከሚስቱ ከጊትል፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የወለደው የበኩር ልጅ ክትባት በተወጋ ማግስት ትኩሳት ያዘውና አንቀጠቀጠው። ልጁ ዳነ፤ የጊትል ፍርሃት ግን አልዳነም። ሴት ልጃቸው ሂንዲ ስትወለድ "ይህቺን መርፌ አይነካትም" አለች። ትምህርት ቤት ደግሞ ያልተከተበ ልጅ የሚቀበለው ወላጅ "ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም" ብሎ ሲፈርም ብቻ ነበር። ፊሽል ከመፈረሙ በፊት ሽማግሌውን ረቢያችንን ሄዶ ጠየቃቸው።

"ሃይማኖትህ እንዲህ ብሎህ አያውቅም" አሉት። "ነፍስ ለማዳን ሰንበት እንኳ ይሻራል። ይሄ የሚስትህ ፍርሃት ነው። ፍርሃትን ሃይማኖት ነው ብለህ አትፈርም።"

ፊሽል እሺ አላቸው። ቤቱ ሲገባ ጊትል ስታለቅስ አገኛት፤ ለእሷም እሺ አለና ፈረመ።

ሂንዲ ሳትከተብ አደገች። እናቷ ስትሞት ገና ልጅ ነበረች፤ ፀጉሯን ያበጠርኩት፣ ለሠርጓም የመጀመሪያውን ዊግ የሠራሁላት እኔ ነኝ። ዙሸ የሚባል ዝምተኛ፣ ጥሩ ልጅ አገባች። ከዚያ ስምንት ዓመት ልጅ አልመጣም። በእኛ ሠፈር ያለ ልጅ ስምንት ዓመት መኖር ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ሴቶቹ እሷ ስትገባ ስለ ልጆቻቸው ማውራት ያቆማሉ፣ ዝምታው ከወሬው ይብሳል። በኋላ፣ በዚያ በብርዱ ወራት፣ አንድ ቀን መጥታ በሩን ከውስጥ ቆለፈችና እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አደረገችው። ሁለታችንም አለቀስን። ፊሽል በግድግዳው በኩል "ምን ሆናችሁ?" ሲል ተጣራ።

ኩፍኝ የገባውም በዚያው ሰሞን ነው። ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ይዞት ገባ፤ ከዚያ ከቤት ቤት ተሻገረ። ከተማው ያልተከተበ ልጅ ትምህርት ቤት አይግባ አለ፤ ቀጥሎ "ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም" የሚለው ፊርማ ራሱ ይቅር የሚል ወሬ መጣ። ሠፈሩ ለሁለት ተሰነጠቀ። እኛ ኢንተርኔት የለንምና የእኛ ሐሜት የሚሄደው በስልክ ነው። ስማቸውን የማይናገሩ ሰዎች አንድ መስመር ከፍተው ነበር፤ ደውለሽ ዝም ብለሽ ማዳመጥ ነው። እናቶች ስልኩን በትከሻና በጆሯቸው መሐል አጣብቀው ሰሃን እያጠቡ፣ መርፌው ልጅ ያደነዝዛል፣ ያመክናል የሚል ስብከት ይሰማሉ። ከተማውም በበኩሉ የተቀዳ ድምፅ እያስደወለ ተከተቡ ይል ነበር፤ ቋንቋችንን ሲናገር ድንጋይ የሚያኝክ ይመስላል።

አንድ ቀን ከግድግዳው ማዶ የሻየን ድምፅ ሰማሁ። ሻየ የትምህርት ቤቱ የስልክ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ ሲናገር የእኔ ዊጎች መደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጣሉ።

"ሬብ ፊሽል" አለው፣ በእኛ ወግ "አቶ" እንደማለት ነው፤ "የከተማውን ቁጥር ዝጋልን። በቀን ሁለቴ እየደወሉ ሴቶቻችንን ያስጨንቃሉ። ዛሬ መርፌ ውጉ ይሉናል፣ ነገ ልጆቻችሁን የምናስተምርላችሁ እኛ ነን ይላሉ። አያቶቻችን ከአውሮፓ የሸሹት ከዚህ አይደለም እንዴ?"

ማበጠሪያዬን እንደያዝኩ ገባሁ።

"ያንተ አያት የሸሸው ከኩፍኝ ክትባት ነው?" አልኩት።

"ብራይንድል፣ አንቺ ወደ ዊግሽ።"

"ዊጌ ኩፍኝ አይዘውም። ሬብ ፊሽል፣ የምትዘጋ ከሆነ ያንን ስም የለሽ መስመር ዝጋው። ትናንት አንዷ መርፌው ውስጥ የአሳማ ደም አለ ስትለኝ ዋለች። ማን አየው ስላት፣ ስልኩ ነገረኝ።"

"ሰው የፈለገውን የመስማት ነፃነት አለው" አለ ሻየ።

"የከተማውንስ የመስማት?"

"እሱ ነፃነት አይደለም፣ ግዳጅ ነው።"

"የእኔ ሰባቱም ልጆች ተከትበዋል። ቀንድ አላበቀሉም።"

"ከኋላ ፈትሸሻቸዋል? ጅራት እንደሆነ ሱሪ ይሸፍነዋል።"

ፊሽል ሳቀ። ከዚያ ሻየ ሳይስቅ፣ እኔም ሳልስቅ ስንቀር ፊቱ ተጨነቀ። ሁለት እጁን አነሣ።

"በቃ፣ በቃ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።"

"ሁለታችንም ልክ ልንሆን አንችልም" አልኩት።

"እንግዲያው ሁለቱንም እዘጋለሁ። የከተማውንም፣ ስም የለሹንም። ሠፈሩ ይረፍ፤ ሴቶቹም ሰሃናቸውን በሰላም ይጠቡ።"

ወደ ማሽኑ ዞረ። ከዚያች ከባንኮኒው ኋላ ካለች ማሽን የሚሰጠው ትእዛዝ የእሱ ማኅተም ያለበት ስልክ ሁሉ ዘንድ ይደርሳል። ጥቂት ቁልፎች ነካ ነካ አደረገና ጨረሰ።

"ቁልፉንስ?" አልኩት።

"እንደ ልማዴ ጣልኩት" አለ። ደስ ብሎታል። እኔ ተናድጄ ወጣሁ፤ ሻየም እየተነጫነጨ ሄደ።

ሠፈሩ በእርግጥም ጸጥ አለ። ያንን ጸጥታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ አልወደድኩትም። ከተማው ግንድ ላይ የለጠፈውን ማስታወቂያ እነ እንትና ቀደዱት፤ ስልክ አይጮኽም፤ ሰውም አይናገርም። ልጅ የታመመበት ቤት መጋረጃውን ያወርዳል። ኩፍኝ የገባበት ቤት ስሙ ከወጣ ለሴት ልጁ አማች ፈላጊ አይመጣምና እናት ጎረቤቷ ስትጠይቃት "ጉንፋን ነው" ትላለች። ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ከመጋረጃው ኋላ ሲያስሉ ግን መንገድ ላይ ይሰማ ነበር።

በዚህ መሐል የዙሸ እህት ተዳረች። ሂንዲ ሆዷ ገፍቶ ስለነበር ዊጓን አሳምሬ፣ አዲስ ቀሚስ አስለብሼ ላክኋት። ሴቶቹ ክፍል ውስጥ የሙሽራዋ የውጭ አገር አክስት ዓይኗ ቀልቶ፣ እየሳለች፣ ሂንዲን እቅፍ አድርጋ ስማታለች፤ እግዚአብሔር በመጨረሻ አሰበሽ ብላ። ከሠርጉ ሁለት ቀን በኋላ አክስቲቱ ሽፍታ ወጣባት። የሙሽራዋ ቤት ገና ሁለት ያልተዳሩ ሴቶች ነበሩት። ስለዚህ ዝም አሉ። ለዙሸ፣ ለገዛ ወንድማቸው እንኳ፣ አልነገሩትም።

ሂንዲ ወደ እኔ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ዊጉ ጠበበኝ፣ ራሴን እየወቀረኝ ነው አለችኝ። ግንባሯ ይፋጃል። ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ዊጓን ቀስ ብዬ ሳነሣ ከጆሮዋ ኋላ፣ ፀጉሯ ከሚጀምርበት ላይ፣ ቀያይ ነጠብጣብ አየሁ። ኩፍኝ እዚያ ነው የሚጀምረው፤ እኔን ልጅ ሆኜ ይዞኝ ስለነበር አውቀዋለሁ። ዊጉን መልሼ አላደረግሁላትም። ግድግዳውን በማበጠሪያው ደበደብኩት፣ ፊሽል እየሮጠ መጣ።

ሆስፒታል ስንደርስ ለብቻዋ የሚዘጋ ክፍል ውስጥ አስገቧት። እርግዝናዋን ከምትከታተልበት ክሊኒክ የምታውቃት ሐኪም አፏን ሸፍና መጣች፤ ተቆጥታ ነበር።

"ለምን ዝም አላችሁ? አንዲት የሠርግ እንግዳ ታማ ስትታከም አውቀን፣ እዚያ ሠርግ የነበረች ነፍሰ ጡር ሁሉ ቶሎ ትምጣ ብለን ሦስት ጊዜ አስደውለናል። ጽሑፍም ልከናል። ያን ጊዜ ብትመጪ ኖሮ የምንሰጥሽ መርፌ ነበረን፤ ክትባት ሳይሆን ሌላ፣ አንቺንም ጽንሱንም የሚጠብቅ። አሁን ጊዜው አልፏል።"

"ስልኬ አልጮኸም" አለች ሂንዲ።

ፊሽል "ከየትኛው ቁጥር ነው የደወላችሁት?" ብሎ ጠየቀ።

ክሊኒኩ የማሽን ጥሪ የሚያስተላልፈው በከተማው መስመር በኩል ነበር። ሐኪሟ ቁጥሩን ስትናገር፣ ገና ሳትጨርሰው፣ ፊሽል ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ዙሸ አማቱን አየው። ሂንዲም አየችው። አልወቀሰችውም፤ እሷም የእሱ ልጅ ናት፣ ጠብ አትወድም። እኔ ግን ያን ጊዜ ጠላሁት። በጉንጮቹ ላይ እንባው እየወረደ እያየሁ ጠላሁት።

ልጁ ያለ ጊዜው ሐሙስ ቀን ተወለደ። ወንድ ነው። እናቱ ሳታየው ወሰዱት፤ በሽታው እንዳይዘው ብለው ላይኛው ፎቅ ማሞቂያ ክፍል አስገቡት። ዙሸም ስላልተከተበና ከሚስቱ ጋር ስለነበረ ቤቱ ተዘግቶበት እንዲቆይ ታዘዘ። ኩፍኝ በልጅነት ያወጣነው እኔና ፊሽል ብቻ ቀረን፤ እኔ ከሂንዲ አልጋ አጠገብ፣ እሱ በሁለቱ ፎቆች መሐል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነርሷ "ልጅሽን በካሜራ እናሳይሻለን" አለች። ሂንዲ ቀና ብላ ተቀመጠች፤ ሻሿን አስተካከለች፣ ልጁ የሚያያት ይመስል። ነርሷ የሆስፒታሉን ታብሌት አመጣች። ታብሌቱ ላይ አንዲት ክብ ነገር ትሽከረከራለች። እየታደስኩ ነው፣ ጠብቁኝ ይላል። ጠበቅነው። ታድሶ ሲያበቃ የይለፍ ቃል ጠየቀ፤ ነርሷ ብትሰጠው ጊዜው አልፎበታል አላት። ለሆስፒታሉ የኮምፒውተር ጠጋኞች ስትደውል የተቀዳ ድምፅ አንሥቶ ወረፋ ይጠብቁ አላት። በስተመጨረሻ አፈረች።

"የራሴን ስልክ እዚህ መጠቀም አይፈቀድልኝም። የእናንተ ስልክ ካሜራ የለውም?"

ሂንዲ ስልኳን ገለበጠችው። መስተዋቱ አለ፤ ዓይኑ እዚያው ነው፣ ብቻ አያይም። በሩ ላይ ለቆመው አባቷ ዘረጋችለት።

"ክፈተው፣ አባዬ።"

ኮሪደር ላይ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከኪሱ መሣሪያውን አወጣ፤ ሲነካካው፣ ሲያጠፋው፣ ሲያበራው፣ በበሩ መስተዋት አየዋለሁ። ተመልሶ ሲገባ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞት ነበር።

"አልችልም" አለ።

"ሌሎቹ ሁሉ ይከፍታሉ።"

"እኔ ቁልፉን እጥላለሁ፣ ሂንዲዬ። ታውቂያለሽ።"

በመስኮቱ ፀሐይ እየዘቀዘቀች ነው። ሱቅ ሄዶ ሌላ ስልክ ገዝቶ ለመመለስ ጊዜ የለም፤ ከዚያ በኋላ ሰንበት ነው። ነፍስ ለማዳን ሰንበት ይሻራል፤ ፎቶ ማየት ግን ነፍስ ማዳን አይደለም። እኔ ይሻር ብዬ ነበር በልቤ። "እሑድ ጠዋት እገዛልሻለሁ፣ ትልቁን፣ ክፍቱን" አላት ፊሽል። እሺ አለችው።

ያንን ሰንበት ፊሽል ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ዋለ። ሊፍት አይነካም። ላይ ሄዶ በመስተዋቱ ያየዋል፣ ይወርዳል፣ በሩ ላይ ቆሞ ይነግራታል።

"ፀጉር አለው?"

"ጥቁር። እንደ እናትሽ ግንባሩ ላይ ይወርዳል።"

"እጁስ?"

"አንዱን እጁን ጉንጩ ሥር አድርጎታል። እንደሚያስብ ሰው።"

ሂንዲ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች፤ ስትሰማ እሷም እጇን ጉንጯ ሥር ታደርጋለች። ፊሽል በመጣ ቁጥር ልጁ እየወፈረ፣ እየቀላ፣ እየበረታ ሄደ። በሦስተኛው ምልልሱ ላይ የፊሽልን ዓይን አየሁ። ጎንበስ ብዬ የውኃውን ብርጭቆ አነሣሁ፣ ፊቴን እንዳታይ።

ከዚያ ረጅም ጊዜ ሳይመጣ ቀረ። ደረጃው ላይ እርምጃውን ስሰማ ቀስ ያለ ነበር፤ በሩ ጋ ሲደርስም አልገባም።

"አባዬ፣ አሁንስ ምን እያደረገ ነው?"

"ተኝቷል" አለ ፊሽል። በሩን በእጁ ያዘ። "ተኝቷል፣ ሂንዲዬ። አይነሣም።"

ያለቀሰው እሱ ነው። እሷ አላለቀሰችም። "ፀጉሩ ግን ጥቁር ነበር አይደል?" ብላ ጠየቀችው።

እሑድ ቀበሩት። እንደ ልማዳችን ስሙን መቃብሩ ላይ አወጡለት፤ ሂንዲ ገና ተዘግቶባት ስለነበር ስሙን የነገርኳት እኔ ነኝ። ወር ላልሞላው ሕፃን በእኛ ዘንድ ሐዘን አይቀመጡም። ስለዚህ ሰኞ ፊሽል ሱቁን ከፈተ። ማሽኑ ፊት ተቀምጦ የከተማውን ቁጥር መልሶ ለመክፈት ሞከረ፤ አልሆነለትም። ማኅተሙ ያለበትን ስልክ ሁሉ ጥሎ አዲስ ከመግዛት በቀር መንገድ አልነበረም። ሰዎቹን ልቀይርላችሁ፣ አምጡልኝ እያለ ለመነ። ጥቂቶች መጡ። ሻየም መጣ፤ መጀመሪያ አጽናናው፣ ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከተማው በሌላ ቁጥር መደወል ስለጀመረ አዲሱንም እንዲዘጋው ጠየቀው። ፊሽል እሺም እምቢም አላለውም።

ሂንዲ ከወራት በኋላ መጣች። የመጣችው ወደ እኔ ነው ብዬ በሩን ከፍቼ ጠበቅኋት፤ አልፋኝ ወደ አባቷ ገባች። ራሷ ላይ ሻሽ እንጂ ዊግ አልነበራትም። ተከትያት ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ስልኳን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

ፊሽል ብድግ አለ። "ልቀይርልሽ? አዲስ አለኝ። ምንም ያልነካሁት።"

"አይ። አንድ ቁጥር ዝጋልኝ።"

"የማንን?"

"ያንተን።"

ፊሽል ልጁን አያት። እምቢ እንዲላት ጠበቅሁ፤ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ለአንድ ሰው እምቢ ቢል ኖሮ ያን ቀን ነበር።

"እሺ" አላት።

ስልኩን ከማሽኑ ጋር አገናኘው። ብዙም አልቆየ። ከመሳቢያው አዲስ ማኅተም አውጥቶ በአሮጌው ላይ ለጠፈ፤ እፍ ሊልበት አፉን አቀረበና ተወው። ሂንዲ እጇን ዘርግታ ቆማለች።

"ቁልፉንስ?"

"ጥዬዋለሁ" አለ ፊሽል።

ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በአጠገቤ አልፋ ወጣች።